ለአትላንቲክ የተላገ ዋንዛ

ጤናዬ አካለ ወልድ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ፣ ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይኗ ሳታይ፣ ባሕር ላይ ቆማ የምትጋልብበትን ወር ቆርጣ ነበር። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይላል ሰው። ጤናዬ ግን አባይን አይታ፣ ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ተመልክታ፣ «ይኸማ ገና ምንጭ ነው» ያለች ናት። እንዲህ ያለች ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ ስትፈጠር የሚያስቀው ነገር ብዙ ነው። የሚያስለቅሰውም አያንስም፤ የዛሬው ወጋችን ወደዚያኛው ያደላል።

ነገሩን የጀመረው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ሚስ ጆአን የምትባል አሜሪካዊት የሰላም ጓድ መምህርት፣ ሁለት ዓመት ከጤናዬ ጋራ ስታስተምር፣ በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር። አንዲት ልጅ በረጅም ሳንቃ ላይ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆማለች። ከኋላዋ የቤት ቁመት ያለው ውሃ ተነሥቷል፤ ልጅቷ ትስቃለች። ሌሎቹ መምህራን የለበሰችውን እራፊ አይተው ዓይናቸውን ይመልሱ ነበር። ጤናዬ የምታየው ፊቷን ነው። እንዲህ የሚያስቅ ነገር እሷን በዕድሜዋ አጋጥሟት አያውቅም።

ሚስ ጆአን ጊዜዋን ጨርሳ ወደ ሞሮኮ ሄደች። ወንድሟ እዚያ፣ ፀሐይ በማይጠፋበት የአትላንቲክ ዳርቻ፣ አጋዲር ከሚባል ከተማ አጠገብ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ለማዕበል ጋላቢዎች ሳንቃ የሚሠራበት ቤት ከፍቷል። የ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. መስቀል በዋለ በሳምንቱ ደብዳቤዋ መጣ። «ጤናዬ፣ ነይ። ያ ጎበዝ አናጢሽም ይምጣ፤ ወንድሜ እጁ የተባረከ ሰው ይፈልጋል። ማዕበሉ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ትኬቱን እኛ እንልካለን፤ ኅዳር ሳያልቅ ግን መነሣት አለባችሁ። ለመሆኑ መዋኘት ትችላላችሁ?» ይላል።

«ጎበዝ አናጢሽ» የተባለው ቢያዝን ካሴ ነው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የእንጨት ሥራ ተምሮ፣ ጤናዬ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የዕደ ጥበብ መምህር ሆኖ የተቀጠረ፣ ዝምተኛ፣ ጣተ ረጃጅም፣ ጤናዬ በመስኮቱ አጠገብ ስታልፍ መጋዙ መስመር የሚስትበት ጎልማሳ ነው። ጉድለቱ አንዲት ናት፤ አባቱ ካሴ የደብረ ኤልያስ ሸማኔ ናቸው። የደብረ ማርቆስ ሰው ካሴ የሠሩትን ኩታ ተከናንቦ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ከካሴ ልጅ ጋራ ግን አይጋባም። ለምን ብትሉት መልስ የለውም፤ እኔም መልስ የለኝም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ሁለቱ ልጆች ዕቅዳቸውን በፈተና ወረቀት ጀርባ ጻፉ። ከማርቆስ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከአዲስ አበባ ካይሮ፣ ከካይሮ ካዛብላንካ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ባሕሩን በስተቀኝ እያዩ ደቡብ በአውቶቡስ። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። የከበደው ከቤት መውጣቱ ነበር። የመውጫ ፈቃድ የሚሞላላት ጸሐፊ ዓይኗን ሳያይ ነገራት፤ ላላገባች ሴት የአባት ፊርማ፣ ላገባች ሴት የባል ፊርማ። አባቷ እንደማይፈርሙ ታውቃለች። እንግዲያው መጋባት አለባቸው። ለመጋባት ደግሞ ኅዳር ዐሥራ አምስት የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው፤ ጾም ከገባ ሠርግ የለም፣ እስከ ጥር ከጠበቁ ደግሞ ትኬቱ አይጠብቃቸውም። ስለዚህ አትላንቲክ የሚያህል ውቅያኖስ ተንጠልጥሎ የቀረው በአንድ ሰው አንደበት ላይ ነው፤ በግራዝማች አካለ ወልድ እሺታ።

«ጉዞው የአንተ ነው ይባል» አለችው ጤናዬ። «አባቴ ሴት ልጅ ባሕር ልትሄድ ነው ሲባል ከሚሰሙ፣ ወንድ ሊሄድ ነው ሲባል ቢሰሙ ይቀላቸዋል።»

«የአንቺ ሆኖ ሳለ?»

«የኔ መሆኑን እኛ እናውቀዋለን። ይበቃናል።»

ቢያዝን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ የተስማሙባት ትንሽ ውሸት ኋላ ምን ያህል እንደምታድግ ሁለቱም አልገመቱም።

ሳንቃውን ከዋንዛ አበጀው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጎ ልጎ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ሆዱን አሳስቶ። ዋንዛው አንድ ጥቁር ጉጥ ነበረበት፤ ሊጥለው ሲል «ተወው» አለችው። ሳንቃውን በሁለት የጭድ ጆንያ ላይ አጋድመው፣ የቤት አያያዝ መምህርቷ አገሬ በር ላይ ዘብ ቆማ፣ ጤናዬ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። ሲወዛወዝ ጮኸች። ቢያዝን ዝቅ ብሎ የግራ ተረከዟን ያዘና ከጉጡ ላይ አሳረፈው። «እዚህ ነው። ከዚህ አትነቃነቂ» አላት ወደ ላይ እያየ። ባሕር ዳር ሲማር ጣና ውስጥ ዋና የለመደ ስለሆነ፣ እሷን በአግዳሚ ወንበር ላይ በደረቷ አስተኝቶ እጅና እግሯን ያስቀዝፋት ነበር። አገሬ ሳቋ እየቀደማት ሰው መጣ አልመጣ ማየት ተሳናት። ጤናዬ ግን ደረቅ እንጨት ላይ እየቀዘፈች፣ ጨዋማ ነው የሚባለውን ውሃ ከንፈሯ ላይ ትቀምሰው ነበር።

* * *

የመጀመሪያው ሽምግልና እንደ ደንቡ አለፈ። ሽማግሎቹ ደጅ ቆሙ፤ ግራዝማች «የሸማኔ ልጅ!» ብለው አንድ ጊዜ ጮኹ፤ ሽማግሎቹ ጎንበስ ብለው «እንመለሳለን» አሉ። ጥፋቱ የመጣው በሁለተኛው እሑድ ነው።

አፈ ጉባኤው መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው። ቢያዝንን ፊደል ያስቆጠሩ፣ የኔታ የሚላቸው፣ እንደ ልጃቸው የሚወዱት፣ በቅኔ እሳት፣ በዓለም ነገር ግን ሕፃን የሆኑ ሊቅ ናቸው። ግራዝማች ያን ቀን ረገብ ብለው ነበር።

«እሺ መሪጌታ፣ የአባቱን ሙያ እንተወውና፣ ልጄን ወዴት ሊወስድብኝ ነው? አገር ለቆ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ለጥቂት ወር ነው ግራዝማች። ባሕር ዳርቻ ነው አሉ።»

«ምን ሊሠራ?»

መሪጌታ በልተው ያደሩትን እንኳ የማይዋሹ ሰው ናቸው። ቢያዝን የነገራቸውን እንዳለ አቀረቡ። «ሳንቃ ያበጃል። ከዚያም በሳንቃው ላይ ቆሞ በባሕር ላይ ይሄዳል።»

ግራዝማች ከተደገፉበት ቀና አሉ።

«ቆሞ?»

«ቆሞ።»

«በባሕር ላይ?»

«እንግዲህ እንዲህ ነው ያለኝ። ደግሞ ጌታዬ፣ እንግዳ ነገርም አይደል። ጻድቃን ዐጽፍ መጎናጸፊያቸውን አንጥፈው ባሕር ተሻግረው የለም?»

ምነው ይህችን ባልጨመሯት! ግራዝማች በየወሩ ገድል የሚያስነብቡ፣ የጻድቃኑን ታሪክ እንደ አጎቶቻቸው ታሪክ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከመደባቸው ተነሡ።

«ጻድቁ አርባ ዘመን ጾመው፣ ድንጋይ ተንተርሰው ያገኙትን ጸጋ፣ የካሴ ልጅ በአንድ ሳንቃ? ይኼ ሰው ወይ አስማት ደጋሚ ነው፣ ወይ በቅዱሳን የሚዘብት ነው። የቱን ልምረጥ መሪጌታ? ለየትኛው ልዳር?»

ጤናዬ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰረች። መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣውን እንባ አፍና መያዝ አልቻለችም። ብትወጣ፣ «አባዬ፣ ጨዋታ ነው፤ እንደ ጉግስ ያለ ጨዋታ ነው» ብትል ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። ስለ እሷ ሁሉም ይናገራል፣ እሷ ትሰማለች። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ክንዷን ጨብጠው «ዋ!» አሏት በሹክሹክታ። ሽማግሎቹ ወጡ፤ ጤናዬም ከመጋረጃው ጋራ እንደተጠቀለለች ቀረች።

በማግስቱ ወሬው ገበያ ገባ። የቢያዝን ሳንቃ በስተውስጥ አስማት ተጽፎበታል ተባለ። ሌሊት ጨሞጋ ወንዝ ላይ ሲንሳፈፍበት ያየሁ እኔ ነኝ የሚል እንኳ ተገኘ። አንዲት ባልቴት ለወገቧ ሕመም ከሳንቃው ፍቅፋቂ ልትለምን መጣች። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቢያዝንን ጠርቶ «ያን ዕቃህን ወይ ሸፍነው ወይ አጥፋው» አለው። ግራዝማችም ልጃቸውን «የሽማግሌው ነገር እስኪቆረጥ ትምህርት ቤት የለም» ብለው ከግቢ እንዳትወጣ አገዱ።

እንግዲህ ወረቀት ብቻ ቀረ። አገሬ የተማሪ ደብተር ማሳረም አለብኝ እያለች ትመጣለች፤ ከደብተሮቹ መካከል ደብዳቤ ይኖራል። ጤናዬ ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች ጻፈች፤

«ቢያዝን፤ ጾሙ ሊገባ አራት ሳምንት አልቀረውም። እኔ ከዚህ ቤት ሆኜ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። የፈለግኸውን አድርግ፤ ብቻ አባቴን እሺ አሰኝልኝ። እሺ ካሉ የቀረውን እኔ እችለዋለሁ። ሌሊት ሌሊት መሬት ላይ ቆሜ ሚዛኔን እጠብቃለሁ። ያንተው ጤናዬ።»

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ሁልጊዜ ገጽ የሚሞላው ሰው አሁን ሦስት መስመር ብቻ ጽፏል። «መላውን አግኝቼዋለሁ። የኔታም ተስማምተውበታል። እሑድ አባትሽ እሺ ይላሉ፤ አይዞሽ። የምወድሽ ቢያዝን።»

ማጠሩን አላስተዋለችም። የሚወዱት ሰው መላ አገኘሁ ሲል፣ ምን ዓይነት መላ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ወረቀቱን ሳመችው። ትንሿን ሳጥኗን ከአልጋ ሥር ስባ፣ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ የሚስ ጆአንን ደብዳቤ ከተተችበት። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸ ነው። ያን ሳምንት ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጤናዬን ያህል የተደሰተ ሰው አልነበረም።

* * *

ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ መድኃኔዓለም፣ እሑድ ማለዳ። ሽማግሎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ደጅ ቆሙ። በዚህ ቀን ግን ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፤ መሪጌታ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል።

«ግራዝማች» አሉ፣ «የዛሬ ሁለት ሳምንት በኔ አንደበት ድካም ቤትዎን አስቀየምሁ። ልጁ ግን ንጹሕ ነው። ትናንት በማርቆስ ደጅ ወንጌል ጨብጦ ምሏል፤ ባሕር አልሻገርም፣ ሳንቃም ላይ አልቆምም ብሏል። ያንን ሳንቃ ራሱ በመጋዝ ቆርጦ፣ ይህን አበጅቶበታል። ገድሉ ይነበብበት ብሎ ለእርስዎ ልኮታል።»

ጨርቁን ገለጡት። የሚታጠፍ አትሮንስ ነው፤ እግሩ ላይ መስቀል ተፈልፍሎበታል፣ ጠርዙ ሐረግ ተስሎበታል።

ጤናዬ በመጋረጃው ስንጥቅ አየችው። መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ከዚያ መጽሐፍ ከሚያርፍበት ጎን፣ አንድ ጥቁር ጉጥ አየች። የግራ ተረከዟ ሥር የነበረው ጉጥ ነው። 

ግራዝማች አትሮንሱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። በአውራ ጣታቸው ሐረጉን ተከተሉት። እኚህ ሰው ለሸማኔ ልጅ ሴት ልጃቸውን ከመስጠት ርስታቸውን ቢሰጡ ይቀላቸው ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም።  ዓይናቸው ረጠበ።

«እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «ስለ ልጄ ብሎ የልቡን ምኞት የቆረጠ ሰው፣ አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ ጨዋ ነው።» ቀና አሉና ሦስት ሳምንት የተጠበቀችውን ቃል ተናገሩ። «ተቀመጡ።»

ጓዳው በእልልታ ተናጋ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ልጃቸውን አቅፈው ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ዓይኗን ሳሙ። «ኅዳር ዐሥራ አንድ!» አለ አንደኛው ሽማግሌ ከወዲያ፣ «ጾሙ ሳይገባ!» የሚወዳትን ሰው ሰጧት። የተመኘችው ቀን ተቆረጠላት። ጤናዬ በእልልታው መካከል እንደ እንግዳ ቆማ፣ ይህ ሁሉ ሰው በማን ሠርግ ነው የሚደሰተው ብላ ራሷን ጠየቀች። ከዚያ የእናቷን እጅ ከትከሻዋ ላይ አውርዳ፣ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

እልልታው ቆመ። የሽማግሎቹ ዓይን ወደ መሬት ወረደ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

«ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች። «ግቢ።»

«አባዬ፣ ይቅርታዎን። አንድ ነገር ልናገርና እገባለሁ።»

«የወደድሽውን ሰጠሁሽ እኮ! ምን ጎደለሽ?»

«ሰውየውን ሰጡኝ፤ መንገዴን ወሰዱብኝ።» በእጇ ወደ አትሮንሱ አመለከተች። «ባሕር ልሂድ ያለው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ሳንቃው የተላገው ለኔ ነው። ልቆምበት የፈለግሁት እኔ ነኝ። እሱ ስሙን ብቻ ነው ያዋሰኝ።»

መሪጌታ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«አንቺ?» አሉ ግራዝማች። «ሴቲቱ? ለምን?»

«እርስዎ በጥምቀት ጉግስ ሲጋልቡ፣ ፈረሱ ሽምጥ ሲይዝ፣ ሆድዎ ውስጥ የሚሰማዎትን ነግረውኛል። ‘ለአንድ አፍታ የምሞት አይመስለኝም ነበር’ ብለውኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አባዬ፣ እኔም እሱን ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አይደለም። ምትሐት አይደለም፤ ክህደትም አይደለም።»

ለአንዲት ቅጽበት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግራዝማች ሰሟት። ፊታቸው ላይ አንድ የቆየ ነገር ብልጭ ሲል ጤናዬ በዓይኗ አይታዋለች። ልባቸው ሊከፈት የቀረው ጥቂት ነበር። ግን ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ሦስት ሽማግሌ ያያቸዋል። ሳል አሉና ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ መለሱ።

«ደንግጣ ነው» አሉ። «ሙሽራ ቀኗ ሲቆረጥ እንዲህ ያደርጋታል። እናቷም አልቅሳ ነበር።»

«ወግ ነው፣ ወግ ነው!» አሉ ሽማግሎቹ እፎይ ብለው፣ ሳቅም ሳቁ። አንደኛው «እንዲያውም ያላለቀሰች ሙሽራ ትዳር አይቀናትም» አለ። እናቷ ከኋላ መጥተው በትከሻዋ ያዟት፣ ወደ ጓዳ ይመሯትም ጀመር። ጤናዬ ጮኻ ተናግራለች፤ አንድም ሰው አልሰማትም። ቢቆጧት፣ ቢያባርሯት ይሻላት ነበር። የሳቁባት ግን በፍቅር ነው።

* * *

ሴቶቹ ለእንግዳው ምሳ ሲዋከቡ በጓሮ በር ወጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ አላወቀችውም። በመድኃኔዓለም ዕለት የታጨች ልጅ ብቻዋን በአደባባይ ስትሄድ ያየ ሁሉ ዘወር እያለ አያት። ቢያዝን እንደ ልማዱ የሽማግሎቹን መልስ ሲጠብቅ የሚቀመጥበትን ታውቃለች፤ በትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ነው።

ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። «እሺ አሉ?»

«አሉ።»

ፊቱ በራ። ወዲያው ፊቷን አየና ብርሃኑ ጠፋ።

«ሳንቃውን ቆረጥኸው» አለች።

«ሌላ መንገድ አልነበረም ጤናዬ። የፈለግኸውን አድርግ ብለሽ ጻፍሽልኝ።»

«መንገዱን ክፈትልኝ ብዬ እንጂ ዝጋልኝ ብዬ ነው? ማንን ጠየቅህ? የኔታን ጠየቅህ፣ ወንጌሉን ጠየቅህ። እኔን ለመጠየቅ አንድ መስመር ቀለም አጣህ?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ታውቅ ነበራ!»

 ቢያዝን ከአንድ ዓመት ጀምሮ ሲያብሰለስለው የኖረውን ነገር አወጣው። «እውነቱን ንገሪኝ። የወደድሽው እኔን ነው ወይስ ባሕሩን?»

መልሱ ወደ አፏ ለመምጣት ዘገየ። ጥቂት ነው የዘገየው፤ ለወደደ ሰው ግን ጥቂት የሚባል መዘግየት የለም። ቢያዝን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ዙር» አለችው። «ዙርና እየኝ። እኔ ሁለት ነገር አልነበረኝም ቢያዝን። አንተንና ባሕሩን ለያይቼ አስቤያችሁ አላውቅም። የለያያችሁ መጋዝህ ነው።»

«አንቺ አባቴን አታውቂውም» አለ ሳይዞር። «እድሜውን ሙሉ ለጌቶች ኩታ ሲያደርስ ከደጅ ነው የሚመለስ። ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። ኅዳር ዐሥራ አንድ ግራዝማች ቤት ገብቶ፣ ከማዕዱ ይቀመጣል። ያንን ሳስብ ሳንቃው እንጨት ሆነብኝ። አንቺም ደስ የሚልሽ መሰለኝ።»

ቁጣዋ የሚያርፍበት አጣ። ሁሉም ሰው ልክ ነው። አባቷ ልክ ናቸው፣ ቢያዝን ልክ ነው፣ መሪጌታም ከልባቸው ነው። ሁሉም ለእሷ ሲል አንዳንድ ነገር ሰጥቷል፤ ተሰጥቶ ያለቀው የእሷ ዕቃ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ስትምል ምን አልህ? ቃሉን እንዳለ ንገረኝ።»

«‘እኔ ቢያዝን ካሴ ባሕር አልሻገርም፣ ሳንቃ ላይ አልቆምም’ አልሁ።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ አንቺ ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔንም ማንም አላስማለኝም» አለች ጤናዬ። «ሴቲቱ ትሄዳለች ብሎ ያሰበ ስለሌለ።»

ቢያዝን አሁን ዞረ። የምትለው ገብቶታል፤ እንዲገባው ግን አልፈለገም።

«ኅዳር ዐሥራ አንድ ባሌ ትሆናለህ» አለች። «ያገባች ሴት የሚያስፈልጋት የባል ፊርማ ነው። ሚስ ጆአን ትቀበለኛለች። ትፈርምልኛለህ?»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። እስከ የካቲት።»

«አባትሽ...»

«የአባቴን እኔ እችለዋለሁ። የጠየቅሁህ አንተን ነው።»

«ሰው የሚለውን ታውቂያለሽ?»

«የሸማኔው ልጅ ሚስቱ በጫጉላዋ ጥላው ሄደች ይላል።»

«ይላል» አለ ቢያዝን። «አባቴም ይሰማዋል።»

 ከውጭ የመድኃኔዓለም ከበሮ ከሩቅ ይሰማል። ቢያዝን ጣቶቹን አየ፤ መጋዙ የላጠው አውራ ጣቱ ገና አልዳነም። ጤናዬ እምቢ እንዲላት ተዘጋጅታ ነበር። ለእምቢታው የሚሆን ቃል ሁሉ በምላሷ ላይ ተደርድሯል፤ ራስ ወዳድ ልትለው፣ እንደ ሌሎቹ ነህ ልትለው፣ በሩን ዘግታበት ልትሄድ።

«እፈርማለሁ» አለ ቢያዝን።  «መሐላዬን አላፈርስም። አንቺንም አላስርም። እፈርምልሻለሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት አንድ ወር ሙሉ ከሁሉም ሰው ጋራ ስትታገል ከርማለች። አሁን መጣላት፤ ደስታው ግን አብሮት አልመጣም። እምቢ ቢላት ኖሮ ተናዳ መሄድ ትችል ነበር፤ የተናደደ ሰው መንገድ አይከብደውም። እሺ ስላላት ግን ጥላው የምትሄደው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ በዚያች ደቂቃ አወቀች። ባሕሩንም አገኘችው፣ እሱንም አገኘችው፤ አንድ ላይ ግን አላገኘቻቸውም። ጤናዬ ከማለዳው ጀምሮ ስታፍነው የዋለችውን እንባ ለቀቀችው። ቢያዝን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እሷም ገፋ ብላ ቦታ ሰጠችው።